የእትዬ ማዘንጊያ ቅምሻ

እትዬ ማዘንጊያ ሳይቀመስላቸው ምንም ነገር አይጠጡም ነበር። ጠላ በሉት፣ ሻይ በሉት፣ የቧንቧ ውሃም ቢሆን፣ ምራታቸው አስካለማርያም መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀድማ ካልጠጣችላቸው ብርጭቆውን ዞረው አያዩትም። ቅምሻ የቆየ ወግ መሆኑን አላጣሁትም፤ በሠርግ በድግሱ አሳላፊ ሲቀምስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሴትዮዋ ግን ወጉን ከተጉለት ድረስ ጭነው አምጥተው በየቀኑ፣ ጎረቤት እያየ ነበር የሚያስፈጽሙት። “እስቲ ቅመሺልኝ” ሲሉ ድምፃቸው እኔ በረንዳ ድረስ ይሰማል። ልጄን ያገባሽ አንቺ መርዝ እንደማታጠጪኝ በምን አውቃለሁ ማለታቸው ነው። እኔ ብሆን አንድ ቀን ብርጭቆውን አናታቸው ላይ ነበር የምቀምስላቸው። አስካለ ግን አንገቷን ደፍታ ትቀምሳለች።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የአስካለ ባል ሀብተ ማርያም ባቡር ላይ ስለሚሠራ ግማሽ ኑሮው ጅቡቲ ነው፤ እሱ በሌለ ጊዜ ቤቱን የሚያዙት እናቱ ናቸው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ ስለሆነች በዚያ ግቢ የማላየው ነገር የለም፤ ያየሁትን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። ከእኔ ቀጥሎ ያለችው ማርያን ናት፤ ቀፊራ ገበያ ሽርጥና ሻሽ የምትሸጥ ሶማሌ። ማርያን ዘንድ ሽማግሌም ሹምም “አንተ” ነው፣ “አንቺ” ነው። ለድሬዳዋ ሰው ይህ ነውር አይደለም። እትዬ ማዘንጊያ ግን “አንቺ” በተባሉ ቁጥር የተሰደቡ ያህል ነጠላቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ያዞራሉ። ማርያንም ይህን ስላወቀች ቀን ከቀን “አንቺ” ትላቸው ነበር።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳዎቹ ገና እንደገቡ፣ አንድ ግንቦት ላይ፣ የአስካለ ልጅ ታመመ። ስሙ ገብረ መድኅን ነው። ጥርስ ሊያበቅል ድዱን የሚያሳክከው ሕፃን፣ የሽማግሌ ስም ተሸክሞ። ተቅማጥ ያዘውና አስካለ እኔን አስከትላ ክሊኒክ ሮጠች። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ ሐኪም ረዳት፣ የልጁን ሆድ ዳስሶ፣ ዓይኑን ገልጦ አይቶ፣

“ተቅማጡ ያልፋል፤ የሚገድለው የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ነው” አላት። “ጡት እንዳትከለክዪው። አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽው ውሃ ውስጥ ስኳርና ቆንጠር ያለ ጨው አድርገሽ በማንኪያ በማንኪያ ስጪው። ሽንቱን ተከታተዪ። ሽንት ካቆመ፣ ዓይኑም ከጎደጎደ፣ ሳትቀመጪ አምጪው።”

ቤት ተመልሰን ይህንኑ ስንናገር እትዬ ማዘንጊያ ሳቁብን።

“ለተቅማጥ ውሃ? እሳት ላይ ላምባ አርከፍክፉ ቢላችሁስ ልታርከፈክፉ ነው?”

ወዲያው በርጩማቸውን አንስተው ከውሃው እንስራ አጠገብ ተቀመጡ። ውሃ ተከለከለ። ወተትም ሆዱ ውስጥ ይቦካል ተብሎ ጡት ተከለከለ። እንቅልፍ ሲያሸልባቸው እንኳ ከዘራቸው የእንስራው አፍ ላይ ተጋድሞ ነው። ልጁን ግን አያቅፉም፤ ነጩ ቀሚሳቸው እንዳይበላሽ። ምንጣፍ ላይ አስተኝተው ከሩቅ “እሰይ የኔ ጌታ፣ ቻል አድርገው” ይሉታል። ማርያንም ብትሆን መጀመሪያ የራሷን መድኃኒት ይዛ ብቅ ብላ ነበር፤ ሆዱን በጋለ ብረት ማስተኮስ። ድሬሰሩ ያለውን ስነግራት ግን “ኸይር፣ ይሁን፣ እሱ ተምሯል” ብላ ተወችው። እትዬ ማዘንጊያን የሚያስተዋቸው አልተገኘም።

በማግስቱ ጠዋት አስካለ ወደ በረንዳዬ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

“ሽንት ከሸና ቆየ” አለችኝ። “ሲያለቅስም እንባ የለውም።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተሸክመሽው ውጪ።”

“ሥሩን ሳይጠጣ ከዚህ በር አይወጣም ብለዋል። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እየወቀጡ ነው። ከእሳቸው ጋር ልታገል?”

ሥር የተባለው ከገበያ ያመጡት፣ ሻጩም ስሙን በቅጡ የማያውቀው ነገር ነው። ልጁ ሆድ ውስጥ ያለውን ክፉ ነገር ጠርጎ ያወጣል አሉ። ልጁ ተጠርጎ አልቆ የለም እንዴ? ተነሥቼ ሙቀጫቸውን ልወረውር ስል አስካለ ክንዴን ያዘችኝ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ትንሽ አሰበች። ያን ፊት አይቼባት አላውቅም።

“አንቺ ስኳርና ጨው ያለውን ውሃ አዘጋጂልኝ። ማርያንንም ጥሪያት፤ ሌሎቹንም ሴቶች” አለች። “እማዬ ሰው ፊት ወጋቸውን አይጥሉም።”

ሴቶቹ ሲሰበሰቡ እትዬ ማዘንጊያ ለክብራቸው የመጣን መስሏቸው ደስ አላቸው። የተወቀጠውን በጥብጠው፣ አጥልለው፣ የሻይ ብርጭቆ ሞልተው ለምራታቸው ዘረጉላት። አስካለ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ መልሳ ሰጠቻቸው።

“ወጉ እንዳይጓደል፣ እማዬ። ይቅመሱለት።”

“ምን አልሽ?”

“ያልተቀመሰ አይጠጣም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።”

ሴትዮዋ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው በምላሳቸው ነካ አደረጉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

“ይኸው ቀመስኩ።”

“አቦ፣ ይሄ ነው ቅምሻ?” አለች ማርያን። “ዝንብ ከዚህ ይበልጥ ትጠጣለች። ልጁ ብርጭቆውን ሙሉ ሊጠጣ፣ አንቺ መዳፍሽን ትልሻለሽ? ወላሂ ፈርተሻል።”

“ተዪ ማርያን” አልኩ እኔ፣ በጣም አዝኜላቸው። “እትዬ አርጅተዋል፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት አይችሉም። እሱን የሚችለው ሕፃን ነው።”

“አንቺ” መባላቸው ይሁን “አርጅተዋል” መባላቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ብቻ ብርጭቆውን አንስተው፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጡት። ባዶውን ብርጭቆ ዘቅዝቀው አሳዩን።

“አያችሁ? ምንም የለውም” አሉና ለልጁ ሌላ ሊወቅጡ ተቀመጡ።

ሙቀጫው ዱም ዱም ይላል። እኛም ቆመን እንሰማለን። ትንሽ ቆይቶ ዘነዘናው ዘገየ። እትዬ ማዘንጊያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ራሳቸው ሆድ ያዳመጡ መሰሉ። አንዴ ዱም አደረጉ። ከዚያ ዘነዘናው ከእጃቸው ወደቀና ከዘራቸውን ሳያነሡ፣ ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ ከኒሙ ዛፍ ጀርባ ወዳለችው የግቢው ሽንት ቤት ሮጡ። እንደዚያ መሮጥ እንደሚችሉ የገመተ አልነበረም። ማርያን ሳቋን በሻሿ አፈነች።

“አሁን ጋሪ ጥሪልን” አልኳት፤ እየሳቀች ወጣች።

አስካለ ልጁን ከምንጣፉ አነሣችው። እኔ የስኳሩን ውሃ አመጣሁ። የመጀመሪያው ማንኪያ ከንፈሩን ሲነካው ልጁ ዓይኑን ገለጠ፤ ሁለተኛውን ማንኪያ ግን በድዱ ነክሶ አልለቅም አለ። አስካለ ማንኪያውን ከአፉ ለማላቀቅ እየታገለች ታለቅሳለች። ያ ሁሉ ጥማት እዚያች ትንሽ ሰውነት ውስጥ ነበር።

እትዬ ማዘንጊያ ግድግዳ ይዘው ተመለሱ፤ ደጃፉ ሳይደርሱ እንደገና ዞረው ሮጡ። ደግሞ ተመለሱ፤ ደግሞ ሄዱ። በመጨረሻ ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ በርጩማቸው ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ዘፍ አሉ። ልጁ ውሃ ሲጠጣ አዩ። አልተቆጡም።

“አስካለ” አሉ። “ውሃ ስጪኝ።”

“ለተቅማጥ ውሃ አይሰጥም እትዬ” አልኩ ቀደም ብዬ። “እሳት ላይ ላምባ ነው።” ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለዚህች ቃል ስል ቀኑን ሙሉ ሥራ ብፈታ አይቆጨኝም ነበር።

አስካለ ግን እንዲህ ያለ አተያይ አየችኝና ምላሴን ሰበሰብኩ። ልጁን እኔ ላይ አስቀምጣ ከእንስራው ቀዳች። እንደ ልማዷ መዳፏን ዘርግታ ጠብ ልታደርግ ስትል፣ እትዬ ማዘንጊያ ብርጭቆውን ከእጇ ነጠቋት። ሳይቀመስላቸው ጠጡት። አንገታቸው ላይ እየፈሰሰ ጠጡት። “ድገሚኝ” አሉ። ደግሞም ጠጡ።

ብርጭቆውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ዓይናቸው ልጁ ላይ ነው፤ ልጁ ወደ ማንኪያው እጁን ይሰዳል።

“ይህን ያህል ነው እንዴ የሚያቃጥለው” አሉ ቀስ ብለው። “ሴቷ ልጄ፣ የሀብተ ማርያም ታላቅ፣ በዚሁ በሽታ ነው የሞተችብኝ። አፍ አልፈታችም ነበር። እንስራውን በጣቷ እያሳየችኝ ነው የሞተችው። እኔ ነኝ የከለከልኳት።”

ይህን ያህል ጊዜ ስንት ነገር ላሳስቅባቸው አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉንም ትቼ ለልጁ ማንኪያውን ሞላሁለት። አስካለ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

ጋሪው ደጅ ቆመ። ማርያን “ቶሎ በሉ፣ ፈረሱ እንዳይቆጣ” እያለች ገባች። እትዬ ማዘንጊያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

“ልጁን ለእኔ ስጡኝ።”

“ፎጣ ላምጣ፣ እማዬ። ቀሚስዎ—”

“ስጪኝ አልኩ።”

ጋሪው ላይ ልጁን አቀፉት። ማርያን የስኳሩን ውሃ ይዛላቸዋለች። የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ስንሻገር ጋሪው ይንገጫገጫል፤ እሳቸው ከማንኪያው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱ። ከዚያ “ጠጣ አባቴ፤ ደህና ነው፤ ቀምሼልሃለሁ” አሉት። በመንገድ ሁሉ አንድ ማንኪያ እንኳ ሳይቀምሱለት አልሰጡትም። ሁለት ጊዜ ጋሪውን አስቁመው ቁጥቋጦ ጀርባ ወረዱ፤ ያኔ ብቻ ነው ልጁን ለእናቱ የሰጡት።

ክሊኒኩ ስንደርስ ድሬሰሩ አመድ የመሰሉትን አያትና የገረጣውን ልጅ ተራ በተራ አየ።

“ታማሚው የትኛው ነው?”

“ሁለቱም” አለች ማርያን። “አንዱ ራሱ ታመመ። ይቺ ግን በመድኃኒት ነው።”

እትዬ ማዘንጊያ “ይቺ” መባላቸውን የሰሙም አይመስሉ። ድሬሰሩ የልጁን ቆዳ ቆንጥጦ አየና ወደ አስካለ ዞረ።

“ሽንቱስ? ሸንቷል?”

አስካለ “ኧረ ከትናንት ጀምሮ—” ስትል ድምፅዋ ተቆረጠ። እትዬ ማዘንጊያ ደንገጥ ብለው ጭናቸው ላይ ወዳለው ልጅ ጎንበስ አሉ። ነጩ ቀሚሳቸው ላይ ቢጫ እርጥበት እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ እስከ ጉልበታቸው ወረደ። አስካለ ልጁን ልትቀበላቸው ፈጥና እጇን ሰደደች።

እጇን መለስ አደረጉት። እንባቸው በአገጫቸው ይወርዳል።

“ተዉት” አሉ። “ይጨርስ።”