ክዳን ያለው ዘር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ቁርበቱ ላይ ለሁላችሁም ቦታ አለ። ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ እግሬን ዘርግቼ ነው የማወራችሁ፤ እንዳትቀየሙኝ።

ታናሽ ወንድሜ አበራ ቦኖሻ አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር መሬት ነበረው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲጫወት እንኳ መጀመሪያ ወደ ኋላው ያያል። አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የሐይቁ ዛጎሎች ማለቅ ጀመሩ። እነዚያን በጭቃ ውስጥ የሚኖሩትን፣ ሁለት ክዳን ያላቸውን ማለቴ ነው። አፋቸውን ከፍተው ዳር ዳሩን ተሰጡ፤ ሽታው ከብት አላስጠጋ አለ።

«መርዝ ነው» ተባለ። ማን ጨመረው? አበራ ብርብራ ሲወቅጥ ታይቷላ! የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል። አበራ ወንዙ ላይ ሁልጊዜ እንዲያ ያጠምድ ነበር፤ ከዓሣው ያልቀመሰ ጎረቤት የለም። ያን ሰሞን ግን የበላውም ያልበላውም በጎን ያየው ጀመር። ሚስቱ ገነቴ እንኳ ሙቀጫውን አንስታ ስታሸት አገኛት።

«አንቺም?» አላት። ሙቀጫውን ቦታው መልሳ ወጣች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ዋለ አበራን መጋዘን ውስጥ አስገብቶ ዘጋበት። «የሕዝብ ውሃ የመረዘ የአብዮት ጠላት ነው፤ መኪና መጥቶ ይወስደዋል» አለ። ከእኛ አገር በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ አላየንም ነበር። ደግሞ ጓድ ዋለ ያንን የሐይቅ ዳር መሬት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ እንደሚመኘው ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

ከመኪናው በፊት ከሆሳዕና ዳንኤል የሚባል የላብራቶሪ ሰው ውሃውን እንዲመረምር ተላከ። ማይክሮስኮፑን ከእንጨት ሳጥን አውጥቶ መጋዘኑ ደጅ ጠረጴዛ ላይ አቆመው፤ በታች ያለችውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞረ። የማኅበሩ ዘብ የሞቱ ዛጎሎች በሳህን አመጣ። ሳህኑ ውስጥ፣ ከታች፣ ነጭ ዱቄት ረግቷል።

«ይኸው ብርብራው!» አለ ጓድ ዋለ።

እኔም ደፈር ብዬ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ብርብራ ቢሆን መጀመሪያ የሚሞተው ዓሣው አልነበረም?» አልኩ።

«ዓሣውንማ ወንድምሽ ለቅሞ በላው!»

ሰው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ዳንኤል ከዱቄቱ ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፑ አየ። «እንቁላል የሚመስል ነገር ይታየኛል፤ ገና ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። ከዚያ አዮዲን አንድ ጠብታ ጣል አድርጎበት እንደገና አጎነበሰ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ሰማያዊ ሆነ፤ አዮዲን የምግብ ዱቄት ሲነካ እንዲህ ያደርጋል። ይሄ ቡላ ነው፤ ከእንሰት የሚወጣው፣ የምንበላው። ሳህኑ ከየት ነው የመጣው?»

ዘቡ መሬት መሬት እያየ፣ «ከጓድ ዋለ ቤት» አለ። የሊቀመንበሩ ሚስት ብርነሽ ከሰዉ መሃል ነበረች። «ጠዋት ቡላ ያጠለልኩበት ነው! ሳይታጠብ ማን አንሳ አለህ?» ብላ ጮኸችበት። እውነት ዘቡ ሳያጥብ ወስዶት ነው ወይስ ታስቦበት? ሁሉም በልቡ ጠየቀ፤ በአፉ የጠየቀ የለም።

ጓድ ዋለ ተቆጣ። «አንተም ካቶሊክ፣ እሱም ካቶሊክ! ለቤተ ክርስቲያንህ ሰው ነው የምታደላው!»

«እንግዲያው እኔ አልነካም» አለ ዳንኤል። «ራስህ ከሐይቁ አውጣ፣ ራስህ ክፈት፣ ራስህ እይ።»

ጓድ ዋለ ሐይቁ ወርዶ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ገና ያልሞተች ዛጎል ይዞ ተመለሰ። ዳንኤል ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አሳጠበው፣ ከሥጋዋ በምላጭ አስቆረጠው፣ አዮዲኑንም በገዛ እጁ አስጨመረው።

«ጥቁር ሣር አየሁ!» አለ ሊቀመንበሩ አጎንብሶ።

«የራስህ ሽፋሽፍት ነው፤ ትንሽ ራቅ በል።»

ራቅ ብሎ ዳግም አየ። መጋዘኑ ውስጥ አበራ ሲያስል ይሰማኝ ነበር።

«ትንንሽ ናቸው። ሰማያዊ አይደሉም፤ ቢጫ ናቸው። እንደ... እንደ እንስራ ናቸው። ክዳን አላቸው። አንዱ ተከፍቶ ክዳኑ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል።» ይህን ሁሉ የተናገረው በስብሰባ ድምፁ ነው፤ ሁላችንም ሰማን።

«የተወቀጠ ነገር ቢሆን ስብርባሪ ነበር፤ ክዳን አይኖረውም» አለ ዳንኤል። «ይሄ የተውሳክ ዘር ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ በሌላ ፍጡር ሥጋ ውስጥ የሚኖር ነገር። ዓይነቱ የሚለየው በዘሩ ቅርጽ ነው፤ አንዳንዱ ጅራት አለው፣ አንዳንዱ ውስጡ የተጠቀለለ ክር አለው፣ ይሄኛው ክዳን አለው። ዛጎሎቹን ሥጋቸው ውስጥ እየተራባ ነው የጨረሳቸው። ሰው አልጨመረውም።»

ጓድ ዋለ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ያየሁትን አላየሁም እንዳይል ሕዝብ ሰምቷል። «ይፈታ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ግን ዓይን አይለየው» ብሎ ጨመረ።

አበራ ወጣ። ገነቴ ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ እሱ አልፏት ቤት ገባና ሙቀጫውን ለማገዶ ፈለጠው። መሬቱ አልተነካበትም፤ ከሚስቱም ዋል አደር ብሎ ታረቀ። ጎረቤቱ ግን ከእሱ ቤት ዓሣ መቅመስ ተወ፤ እሱም ከዚያ ወዲያ አላጠመደም። ሲሞት ለቀብሩ ማን ቀድሞ እንደመጣ ታውቃላችሁ? ጓድ ዋለ፤ አርጅቶ፣ በከዘራ።

ልጆቼ፣ በዚያ በኩል ስታልፉ ዳር ላይ የወደቀ ዛጎል አይጠፋም። አንዷን አንሱና ክዳኗን ከፈት ዘጋ አድርጉልኝ፤ ያን ጊዜ አበራን አስታውሱልኝ፣ እሺ?