አንገት የሚያስወዘውዝ ዘፈን

ታላቅ ወንድሜ በያጅ ነው፤ እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሄቪ ሜታል ሮክ በሚጫወተው ባንዳችን ግን እሱ ጊታር፣ እኔ ድራም እንጫወታለን። ድምፃዊታችን ፋርማሲ ውስጥ ስትሠራ ድምጿ አይሰማም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ብየዳ ቤቱ ውስጥ ስታጓራ ግን ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

የወንድሜ ምኞት አንድ ነው፦ ትልቁ መድረክ ላይ መቆም። እሱ የሚፈጥረውን ምት ሌላው በጣቱ ቆጥሮ አይደርስበትም። ችግሩ፣ ወንድሜ የራሱ ሕግ አለው። አድማጭ በምቱ ልክ አንገቱን መወዝወዝ ከጀመረ፣ ዘፈኑ አርጅቷል ይልና በማግስቱ ያፈርሰዋል። እንዲህ ስናፈርስ ስንሠራ ሃያ ዓመት ሞላን።

አምና የትልቁ ኮንሰርት አዘጋጅ አንድ ቅጂያችንን ወዶት ብየዳ ቤት ድረስ መጣ። ወንድሜ ሸሚዝ አስተኩሶ ለበሰ። ዛሬን እንኳ ሕግህን ተው ብዬ ለምኜው በሟች እናታችን ምሎልኛል።

ጀመርን። አዘጋጁ የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ፈገግ አለ፤ በጫማው መሬቱን መታ መታ አደረገ፤ ቀጥሎ አንገቱን መወዝወዝ ጀመረ። መድረኩ የኛ ነው ብዬ ሳልጨርስ የወንድሜን ዓይን አየሁት። አመል ያወጣል ከመሐል። እጁ ወደ አሥራ ሦስት ምት ዞረ፤ እኔም ሞኙ እንደ ልማዴ ተከተልኩት። የሰውየው አንገት መንገድ ላይ ቀረ።

ስንጨርስ በጨዋ ደንብ አመሰገነን። "ጎበዞች ናችሁ፤ ግን እኔ አንገቴን የት ላድርገው?" አለና ሄደ።

መድረኩን ያገኙት ከብየዳ ቤቱ ግድግዳ ማዶ የሚሠሩት፣ እንደኛው ባንድ ያላቸው አናጢዎች ናቸው። ለካ እኛ የጣልነውን ሁሉ እየሰሙ ሲለቅሙ ኖረዋል። ወንድሜ ኮንሰርቱን ካላየሁ ብሎ ድርቅ ስላለ አብሬው ሄድኩ። ከድሮ ዘፈኖቻችን አንዱን ሲጀምሩ ሜዳ ሙሉ ሰው አንገቱን ወዘወዘ። ተቃጠልኩ። አብረን እንድንሳደብ ወደ ወንድሜ ዞር ስል፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ይወዘውዛል።

"ደስ ሲል" አለኝ። "የማን ነው?"

"ያንተ ነው፣ ጋሼ።"

ዓይኑን ገለጠ። "ታዲያ ምን ነክቶኝ ጣልኩት?"

"ያኔ እማዬ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆማ አንገቷን ስለወዘወዘችበት።"

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አንገቱ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ አላቆመም።