ሐዘን የተቀመጠው ኮምፒውተር

ካዛንቺስ ውስጥ እኔን እምቢ ያለ ኮምፒውተር የለም። ጉራ አይደለም፣ የሰፈሩን ሰው ጠይቁ። ውሃ ውስጥ የወደቀውን የእማማ ሀብትነሽን ስልክ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። የማሙሽ ሱቅ ፕሪንተር ወረቀት እየበላ ሲያስቸግር ጉሮሮው ድረስ እጄን ከትቼ ያስተፋሁት እኔ ነኝ። ስሜም ልዩ ነው፤ በቃ፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ስለዚህ ጓደኛዬ ሰገን ደውላ «የአባዬን ኮምፒውተር ልንከፍት ነው፣ ድረሽልን» ስትለኝ «ቀላል ነው» ብዬ ማስቲካዬን እያኘኩ ሄድኩ።

በማግስቱ የአባቷ የጋሽ ገብረክርስቶስ ሙት ዓመት ነበር። ጠዋት ኡራኤል ፍትሐት አለ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ይመጣል። እናቷ እትዬ ለተሚካኤል ለዚያ ቀን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባላቸው የሚስቁበትን ፎቶ አሳትመው መስቀል። ለቀብሩ የተሰቀለው የመታወቂያቸው ፎቶ ነበር፤ እዚያ ላይ ጋሼ ፖሊስ የያዛቸው ነው የሚመስሉት። እትዬ «ይሄ የኔ ባል አይደለም» ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። የሚስቁበት ያለው ደግሞ ኮምፒውተራቸው ላይ በነበረው ሁለተኛ ሀርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። ያንን ላንቻ የሚኖረው የጋሼ ወንድም አሉላ እንዳይጠፋ ብሎ ነቅሎ ወስዶት ነበር፤ አሁን በካልሲ ጠቅልሎ መለሰው። ፎቶ ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ አለብን።

ኮምፒውተሩ ነጠላ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ነጠላውን ገፈፍኩ፣ የጎኑን ክዳን ፈታሁ፣ ለዲስኩ ሁለቱንም ገመድ ሰካሁለት፤ አንዱ መብራት የሚሰጠው፣ አንዱ ፋይል የሚያመላልሰው። ከዚያ ሶኬቱ ላይ ሰክቼ አበራሁት። ፋኑ ጮኸ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ። የምነሳበት ሲስተም አላገኘሁም ነው የሚለው።

«ምን አለሽ?» አሉ እትዬ ከጀርባዬ።

«ምንም፣ ገና እየተንጠራራ ነው እትዬ።»

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። እምቢ። ራም የምትባለዋን ካርድ አውጥቼ በላጲስ ጠረግኳት። እምቢ። ዲስኩን ነቅዬ ሳበራው ግን ተነሳ! ዲስኩን ስመልስ፣ ጥቁር። ስነቅል ይነሳል፣ ስሰካ ይጠቁራል።

«በቃ ገባኝ» አልኩ፣ እንደ ዶክተር እጄን እያራገፍኩ። «ዲስኩ ሞቷል።»

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ካልሲውን አንስተው አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት። ማለቴ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር የሚስቀው» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለካልሲው።

ሰገን በክርኗ ጎሸመችኝ። «ትንሽ ቀስ ብለሽ አትናገሪም? ደረቅ!»

ማስቲካዬን ዋጥኩት። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ፣ እጄ ሥራ እንዲይዝ ብቻ፣ ዲስኩን ነቅዬ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁ። ሰገን አፍንጫዋን እየጠረገች የስክሪኑን ጥግ አሳየችኝ።

«ቀኑን እይው። በፈረንጅ 2009 ይላል። እኔ እኮ ገና አልተወለድኩም!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተከፈተው?»

«አባዬ ካረፈ ጀምሮ ነዋ። እሱም ቴሌቪዥኑም። ሐዘን ቤት አይደል እንዴ? እማዬ ከሶኬት ነቅላ ነው ያለበሰችው።»

ያኔ በራልኝ። ኮምፒውተር ሆዱ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለችው። መብራት ሳያገኝ ሲቀር ቀኑንና አመሉን የምታስታውስለት እሷ ናት። ዓመት ሙሉ ተነቅሎ ሲቀመጥ እሷም አለቀች። ስለዚህ ሁሉን ረሳ፤ ከሁለቱ ዲስኮች በየትኛው እንደሚነሳም ረሳ። ፎቶ ብቻ የያዘውን ቀድሞ ይጠይቃል፣ «እኔ ጋ ሲስተም የለም» ሲለው እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ዲስኩማ ደህና ነው። ቤቱ ሐዘን ሲቀመጥ ኮምፒውተሩም አብሮ ተቀምጦ ነው።

ዲስኩን መለስኩት። ስክሪኑ ሳይጠቁር ቶሎ ብዬ የማስተካከያውን ገጽ ከፈትኩ። እውነትም የፎቶው ዲስክ አንደኛ ቦታ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ወደ ሁለተኛ አወረድኩት፣ ሴቭ አደረግኩ። እትዬ አማተቡ። እኔም ማንም ሳያየኝ አማተብኩ።

ተነሳ። ከነዲስኩ ተነሳ!

ሰገን ማውሱን ነጥቃኝ ፎቶዎቹን አገላበጠች፣ አገላበጠችና ቆመች። ጋሽ ገብረክርስቶስ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጢማቸው ላይ የማኪያቶ አረፋ፣ ዓይናቸው እስኪጠፋ እየሳቁ።

እትዬ ለተሚካኤል ተጠግተው ስክሪኑን በእጅጌያቸው ጠረጉት። ያነሱት አቧራውን ነው፤ የፈለጉት ግን አረፋውን ይመስለኛል።

«ጢምህን ጥረግ ስልህ» አሉት ቀስ ብለው። «ሰው እያየህ።»

ሰገን እየሳቀች አለቀሰች። የኔም ዓይን ትንሽ አሳከከኝ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አቧራ ነበር። ጉራዬ ግን አላስቀመጠኝም። ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብዬ፣

«እንግዲህ እትዬ፣ እኔ ባልኖር ዛሬ ምን ይውጥዎት ነበር?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ መለሱልኝ።

«አንቺ ባትኖሪማ፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ባሌን ዛሬ ሞቷል ተብዬ ሁለተኛ ጊዜ አልቀብረውም ነበር። በይ ተነሺ፣ ወንበሩን ልቀቂልኝ።»