ስም የማይቀይር ዘፈን

ቬርና ዘፈኑን ሰምታዋለች ወይስ አልሰማችውም? አራት ሳምንት ሙሉ ይህን ሳሰላስል ከረምኩ። ብጠይቃት መንገሬ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ከሰው አፍ ትሰማዋለች።

የልጅ ልጄ የታንሲ የመጀመሪያ አልበም በዘፋኞቹ ከተማ በናሽቪል በወጣ በሁለተኛው ሳምንት በካንትሪ ሙዚቃ ሽያጭ አንደኛ ሆነ። የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ ሸለቋችን እንዲህ ሲደሰት አላየሁም። ሰው ሁሉ የወደደው ሦስተኛውን ዘፈን ነው። ርዕሱ «ቬርና» ይላል። ቬርና የታንሲ እናት፣ የእኔ ልጅ ናት።

ዘፈኑ የሚለው ይህን ነው፦ ቬርና ሱስ የሆነባትን ክኒን ልትገዛ ሄዳ የስድስት ዓመት ልጇን ታንሲን በጥር ብርድ መኪና ውስጥ ቆልፋ ረሳቻት። ልጅቱ የመስኮቱን አመዳይ እየላሰች ዋለች።

እውነት ነው። መስኮቱን በድንጋይ ሰብሬ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ቬርና ግን ክኒኑ አደንዝዟት ስለነበር አታውቅም። ያን ቀን ልጇን እኔ ጋ እንደተወቻት ነው የምታምነው፤ ያሳመንኳትም እኔው። አሁን ከክኒን ከተላቀቀች አሥራ አራት ወር ሆናት፤ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ትሠራለች። ሙዚቃ የድሮውን ሱስ ይቀሰቅስብኛል ብላ ሬዲዮ እንኳ አትከፍትም። ባለፈው ኮቷን ሳትይዝ ከዚህ ቤት የወጣች ጊዜ የተመለሰችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እንዴት ልንገራት? ታንሲ ግን ካደገች በኋላ «እማማ፣ ያ ብርድ ሕልም ነው እንዴ?» ስትለኝ መዋሸት አቃተኝ፤ ነገርኳት።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። የድሮውን ዘፈን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በእኛ ተራሮች የተፈጸመ ግድያ ዘፈን ይሆናል፤ ገዳይም ሟችም በየስማቸው ይዘፈናሉ። የገዳዩ ዘመድ እዚያው ቢቀመጥ እንኳ ዘፋኝ ስም አይቀይርም፣ ፊቱንም አይቀይርም። እጅ ጭን ላይ፣ ዓይን ግድግዳ ላይ።

እሑድ ታንሲ መጣች። ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ አቀረብኩ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» አለቻት ቬርና።

«አመሰግናለሁ፣ ቬርና።» እማዬ ብላት አታውቅም።

«የነዳጅ ማደያው ሠራተኛ ሆበርት ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ታዋቂዋ! ዛሬስ መኪናሽ ውስጥ የረሳሽው የለም?› እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ቀልዱ አልገባኝም።»

ድስቱን አስጠጋሁላቸው። «ብሉ እንጂ፣ ቦሎቄው ይቀዘቅዛል!»

«በስሜ ዘፍነሻል አሉኝ» አለች ቬርና፣ እንደ ልጅ አፍራ። «እስቲ ዝፈኚልኝ።»

«ታንሲ፣ የኔ እናት፣ ተይ። እባክሽ» አልኳት።

«ምነው እማማ? በቴሌቪዥን አይቼሽ አለቀስኩ ብለሽኝ የለ?»

ጊታሯን አላነሳችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳውን እያየች አምስቱንም አንጓ ዘፈነችው። ልክ እንዳስተማርኳት። ድምጿ አንዴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት ያምራል አልኩ በልቤ።

የቬርና ፈገግታ ፊቷ ላይ እንደተረሳ ቀረ። ዘፈኑ ሲያልቅ የዞረችው ወደ እኔ ነው።

«እማዬ፣ ያን ቀን አንቺ ጋ ነበረች አላልሽኝም?»

«ልጄ... ዳቦ ልጨምርልሽ?»

ታንሲ ሳቀች። «አልበሙን ያወጣው ኩባንያ ስሙን ቀይሪው ብሎኝ ነበር። ስም የቀየረ ዘፈን ውሸት ነው አልኳቸው። ከማን ተማርኩት መሰለሽ?» ወደ እኔ በአገጯ ጠቆመች። «ደግሞ ምን ያስከፋሻል፣ ቬርና? በየከተማው ሕዝቡ ስምሽን አብሮኝ ይጮሃል። መኪናው ውስጥ ሆኜ ስጠራሽ እኮ ብቻዬን ነበርኩ።»

«ይበቃል!» አልኩ። ለየትኛዋ እንዳልኩት አላውቅም።

ታንሲ ዳቦ ቆርሳ ቅቤ ቀባች። ቬርና ሳህኗን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታው መለሰችው። ውጭ በረዶ ይጥላል። ኮቷ በሩ አጠገብ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አየችው። ሳትነካው ወጣች።