ይረክሳል፣ ትንሽ ይጠብቁ

ከሃአፓይ ደሴቶች የምትመጣው መርከብ የቶንጋ ዋና ከተማ ኑኩአሎፋ ወደብ ደርሳ ስትጮህ ሎፔቲ ከሚሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ብሎን መፈለግ ጀመረ። የጠፋ ብሎን አልነበረም።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው ገንዘብ ተቀባይዋ ኦፋ።

«ብሎን።»

«ውጣ እባክህ። አክስትህ ዛሬ እንደሚመጡ ረስቼዋለሁ እንዳትለኝ። የሰንበት ሸሚዝህን ለብሰህ ነው የመጣኸው።»

ሎፔቲ ወጣ። ጉልበቱን አራገፈ። ኦፋ አፏ አያርፍም፤ የምትለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለሆነ ተቆጥቷት አያውቅም። የሱቁ መሳቢያ ውስጥ፣ በአረፋ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከኒውዚላንድ፣ ከኦክላንድ የተመለሰ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ተቀምጧል። አብሮት የመጣው መልስ አጭር ነበር። የውስጡ ሰሌዳ ክፉኛ ተቧጭሯል፣ አንዳችም ነገር ማውጣት አልተቻለም፣ እናዝናለን። ሎፔቲ ያንን መልስ ካነበበ ወዲህ ምሳውን ሳይከፍት ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

ዲስኩ ላይ የነበረው የአባቱ ድምፅ ነው።

አባቱ ሃቬአ ሃአፓይ ውስጥ የደሴታቸው መምህርና የመዘምራኑ መሪ ነበሩ። መዝሙር የሚያስተምሩት እንደ አገሩ ሁሉ በቁጥር ነው። የእያንዳንዱን ድምፅ ዜማ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ በቁጥር ይደረድሩታል፣ መዘምራኑ እያዩ ይይዙታል። ራሳቸው የደረሱትን መዝሙር ግን ሰው ሁሉ እንደያዘው በእጅጌያቸው ጠረግ ያደርጉታል። «ልባችሁ ውስጥ ካልገባ ሰሌዳ ላይ ቢቀር ምን ይረባል?» ይሉ ነበር። ወረቀት ላይ አንድም አላሰፈሩም። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ስለ ነገ ግን ብዙም አይጨነቁም።

የተጨነቁት እህታቸው ኢላይሳኔ ናቸው። የአባት እህት ማለት ቶንጋ ውስጥ ከአባትም በላይ ናት። የወንድሟ ልጆች ቤት ገብታ «ይቺ ታምራለች» ካለች ዕቃው የሷ ነው። ዋጋ አይጠራም፣ ፊት አይጠቁርም። ሎፔቲ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ቀን መጥተው ከቤታቸው ውስጥ ብቸኛዋን ቴፕ ወሰዷት። ልጁ አለቀሰ። አባቱ ግን ሳቅ እያሉ፣ «ባትሪዎቹንም ስጣት እንጂ» አሉት። ሰጠ። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ቀን አልረሳውም፤ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሱቅ ሙሉ ቴፕ እየሸጠ።

በአገሩ ልማድ ለአካለ መጠን የደረሱ እህትና ወንድም አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አይቀመጡም። ስለዚህ ኢላይሳኔ ልምምድ ባለ ቁጥር ከአዳራሹ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ቴፒቱን በሁለት እጃቸው ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ይቀዱ ነበር። ክንዳቸው ሲዝል አንዱን በአንዱ እያስደገፉ። ዓመት በዓመት ላይ ቀዱ። ሲድኒ የሚኖረው ልጃቸው አንድ ጊዜ ለዕረፍት መጥቶ ካሴቶቹን ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ገልብጦ ላፕቶፑን ተወላቸው። ደግ አደረገ፤ ካሴቶቹ ከዚያ ወዲያ በሻጋታ አለቁ።

ሃቬአ የተቀበሩ ሰሞን ኢላይሳኔ ከመርከብ ወርደው በቀጥታ ሎፔቲ ተቀጥሮ ወደሚሠራበት ሱቅ መጡ።

«ያ ላፕቶፕ እያረጀ ነው ልጄ። የወንድሜን ድምፅ ደግሞ የማስቀምጥበት ሌላ ነገር ይኖራል?»

ነበረ። መስታወቱ ውስጥ፣ መዳፍ የምታክል ጥቁር ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ። ሎፔቲ መስታወቱን ከፍቶ ሳጥኗን ያዘ። ያኔ ነው ያቺ ቴፕ ትዝ ያለችው። እኒህ ሴት እንደማይከፍሉ፣ እሱም ክፈሉ እንደማይል፣ ሒሳቡ ከራሱ ኪስ ለባለሱቁ እንደሚወጣ አሰበ። ቤቱን ጣራ ያስመታው በዚያው ወር ነበር። ሳጥኗን መለሳት።

«አክስቴ፣ ይህ ነገር በየዓመቱ ይረክሳል። አሁን መግዛት ኪሳራ ነው። ትንሽ ይጠብቁ።»

«ይረክሳል?»

«ይረክሳል።»

ያኔ ውሸት አልነበረም። የአምናው ዋጋ ዘንድሮ በግማሽ ይወርድ ነበር፤ ደንበኞቹም ከበሰለ የዳቦ ዛፍ ፍሬ ሥር እንደሚቆም ሰው እስኪወድቅ መጠበቅ ለምደው ነበር። ችግሩ ዋጋው መውረዱን ማቆሙ ነው። አንድ ዓመት ቆመ፣ ሁለተኛውም ዓመት ከዚያው አልተነቃነቀም። ሎፔቲ ግራ ገብቶት ኦክላንድ ያለውን አከፋፋይ በስልክ ጠየቀው። ሰውዬው ሳቀበት።

«ምኑ ይውረድ ጓዴ? ውስጡ ሞተር አለ፣ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ፣ የሚያነብ ክንድ አለ። ትንሽም ይያዝ ብዙ ይያዝ እነዚህን መግዛት ግድ ነው። ከዚያ በታች አይወርድም። አሁን የሚያደርጉት በዚያው ዋጋ ብዙ የሚይዝ መሥራት ነው። ድሮ ሠሪዎቹ ብዙ ነበሩ፣ ይሻሙ ነበር። እየተዋዋጡ ሦስት ቀሩ። ሦስት ሆነው ምን ያሻማቸዋል? ትልልቆቹ የኮምፒውተር መጋዘኖች ደግሞ ገና ሳይሠራ በጅምላ ይወስዱታል። ያንተን ደሴት ማን ያስታውሳታል?»

ሎፔቲ ነገሩን ተረዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀው ሁሉ እውነቱን ይናገር ነበር። ለቱና ዓሣ አስጋሪው ጀልባ ካፒቴን፣ ለሠርግ ፎቶ አንሺው፣ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ «አትጠብቁ፣ ዛሬ ግዙ፣ ከዚህ አይወርድም» ይላቸዋል። ገዝተውም አመስግነውታል።

ለአክስቱ ግን፣ በመጡ ቁጥር፣ «ትንሽ ይጠብቁ»።

ስስት ነው፤ ሌላ ስም አይወጣለትም። ሎፔቲ ግን ብዙ ስም አወጣለት። «የልጆች ትምህርት ቤት» አለው፣ «የቤተ ክርስቲያን መዋጮ» አለው፣ «በሚቀጥለው ወር» አለው። አክስትየው ደግሞ አምነው ወደ ደሴታቸው ይመለሱና ለመዘምራኑ ሁሉ፣ «የወንድሜ ልጅ ያውቃል፣ ይረክሳል ብሎኛል» ይሉ ነበር። ይህንን የነገረው የመርከቧ ሠራተኛ ነው። ሎፔቲ ሲሰማ ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ቢሆንም ሳጥኗን አላነሳትም።

ላፕቶፑ የሞተው የደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ዝግጅት ሲጀምር ነው። የበዓሉ መዝሙር የሃቬአ ነው፤ ስለሱ ክርክር እንኳ አልተነሳም። ኢላይሳኔ ላፕቶፑን በነጠላ ምንጣፍ ጠቅልለው አመጡት። ሎፔቲ ሲያበራው ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ያን የሞተ ዲስክ ድምፅ የሱቁ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኦፋ ቀና ብላ አየችው። ዲስኩን አውጥቶ ኦክላንድ ላከው። ለመላኪያና ለምርመራ የከፈለው አዲሱን ሁለት ጊዜ ይገዛ ነበር።

አሁን በሩ ተከፈተ።

ኢላይሳኔ እንደ አገሩ የአክብሮት አለባበስ ወገባቸው ላይ በቅጠል የተሠራ ምንጣፋቸውን ታጥቀው፣ በእጃቸው ቅርጫት ይዘው ገቡ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ደንበኞች ጎንበስ ብለው መንገድ ለቀቁላቸው።

«ከሳህ ልጄ። ሚስትህ አታበላህም?»

«ታበላኛለች አክስቴ። ይቀመጡ።»

«ሉ ይዤልሃለሁ፣ ሥጋውን ከኮኮናት ወተት ጋር በጎደሬ ቅጠል ደህና አድርጌ ጠቅልዬዋለሁ፣ አሁንም ለብ ያለ ነው። ኦፋ፣ ለሱ ብቻ አትተይለት፣ ጠንቃቃ ነው እሱ።»

ኦፋ ሳቋን ዋጠች። «ጠንቃቃ» ያሉበት ቃና የዋህ ነበር፤ ሎፔቲን ግን እንደ መርፌ ወጋው።

«መዘምራኑ ልምምድ ጀምረዋል» አሉ አክስቱ እየተቀመጡ። «ሴቶቹ የነሱን ያውቁታል። ወንዶቹ ናቸው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ እንዳመለጠ አሳማ እዚህም እዚያም የሚረግጡት። ወፍራሙን ድምፅ ይይዙ የነበሩት ሽማግሌዎች አልቀዋል። ድምፁን ይዤላችሁ እመጣለሁ፣ ዝም በሉ ብያቸው ነው የመጣሁት።»

ሎፔቲ መሳቢያውን ከፈተ። ዲስኩን ፊታቸው አስቀመጠው።

«አልተገኘም አክስቴ።»

«ምኑ?»

«ምንም። ተቧጭሯል። አንድም መዝሙር አልወጣም።»

ኢላይሳኔ ዲስኩን አነሱት፣ ገለበጡት፣ መልሰው አስቀመጡት። ዓይናቸው አልረጠበም። እንዲያለቅሱ ሎፔቲ ተመኘ፤ ቢያለቅሱ ማጽናናት ይችል ነበር። እሳቸው ግን መስታወቱ ውስጥ ወዳለችው ጥቁር ሳጥን አዩ።

«ዋጋውስ? ወረደ?»

ሎፔቲ ተንደርድሮ ማብራራት ጀመረ። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ክንዱ፣ ሦስት ስለቀሩት ሠሪዎች፣ ቀድመው ስለሚወስዱት ትልልቅ መጋዘኖች፣ ስለ መርከብ ጭነት። ቃላቱ ትክክል ነበሩ፣ ሁሉም እውነት ነው፣ ሲናገራቸው ግን ከጀርባቸው እንደተደበቀ ራሱም አወቀው። አክስቱ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው መውረዱን ያቆመው?»

ኦፋ የማያልቅ ደረሰኝ ታስተካክል ጀመር።

«ቆይቷል» አለ ሎፔቲ። ድምፁ ተሰበረ። «አባዬ ከሞተ ሁለት ዓመት እንዳለፈ አውቄዋለሁ። ለሰው ሁሉ ግዙ እል ነበር። ለእርስዎ ብቻ ነው የዋሸሁት። ከኪሴ ስለሚወጣ ነው አክስቴ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አሉኝ?»

«አውቃለሁ አልኩህ። ከመርከብ በወረድኩ ቁጥር በዚህ መስኮት አይደል የማልፈው? የዋጋውን ወረቀት ፀሐይ አገርጥቶታል፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ዓይኔ እኮ ገና ያያል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ስጠኝ ቢሉኝ... መብትዎ ነው፣ እንቢ አልልም ነበር!»

«እንቢ እንደማትልማ አውቃለሁ። የቴፗ ጊዜም እንቢ አላልክም።» ምንጣፋቸውን አስተካከሉ። «ባትሪውን ስትሰጠኝ ዓይንህን አይቼዋለሁ። ትንሽ ልጅ ነበርክ፣ እንዴት አድርገህ እንዳየኸኝ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ከዚህ ልጅ እጅ ሁለተኛ ጠይቄ አልወስድም አልኩ። ሲድኒ ያለው ልጄም ልላክልሽ ብሎኝ ነበር። የወንድሜ ልጅ እየሸጠው ከባሕር ማዶ ቢመጣልኝ፣ ሰው አንተን ምን ይልሃል? ተው አልኩት። እኔ ዋጋው እስኪወርድ አልነበረም የጠበቅኩት ሎፔቲ። አንተን ነው።»

ሎፔቲ ተነሣ፣ መስታወቱን ከፈተ፣ ሳጥኗን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ምን እያደረገ እንደሆነ የገባው ከሰጣቸው በኋላ ነው። የማይረባ ነገር ነው የሰጠው፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ በዓለም ላይ ከዚያ ይበልጥ የማይረባ ነገር አልነበረም።

ቢመልሱለት ይሻለው ነበር። ኢላይሳኔ ግን ሁለቱን ደንበኞች አዩ፣ ሳጥኗንም ከፍ አድርገው ያዟት።

«አያችሁ?» አሉ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ። «አያችሁ የወንድሜ ልጅ ምን እንደሰጠኝ!»

ደንበኞቹ «እሰይ፣ እሰይ» አሉ። አንደኛው የሎፔቲን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ኦፋ ወደ ጓዳ ገባች።

መርከቧ ከሰዓት በኋላ ነበር የምትመለሰው። ሎፔቲ ቅርጫቱን ተሸክሞ እስከ ወደቡ ሸኛቸው። መንገድ ላይ ኢላይሳኔ በዝግታ ማንጎራጎር ጀመሩ። የአባቱን መዝሙር ነው፣ የወንዶቹን ድምፅ፣ ከመስኮት ሥር እንደሰሙት። የመጀመሪያው ስንኝ መጣ፣ ሁለተኛውም መጣ፣ ሦስተኛው ላይ ቆሙና ወደሱ ዞር አሉ።

«አንተ እኮ ውስጥ ነበርክ። አባትህ ከወንዶቹ ጋር ያስቀምጥህ ነበር። ከዚህ በኋላ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ሎፔቲ አፉን ከፈተ። በሐሳቡ ሰሌዳውን አየው፣ የአባቱን በጠመኔ የነጣ እጅጌ አየው፣ ቁጥሮቹን ግን ሊያይ አልቻለም። በልምምድ ሰዓት ስለዚያች ቴፕ ሲያስብ ነበር፤ ከመስኮቱ ውጭ ተደግፋ የምትታየው የእሱ ቴፕ። ዜማውን አላዳመጠም።

«አላውቀውም አክስቴ።»

«ግድ የለም» አሉ። ግድ እንዳለው ግን ድምፃቸው ይናገር ነበር።

ማዕበሉ የወደቡን ድንጋይ እየመታ ይረጭ ነበር። ኢላይሳኔ ሳጥኗን ከቅርጫቱ አወጡ፣ በፌስታል ጠቀለሏት፣ ጨው እንዳይነካት ከምንጣፋቸው ሥር ሆዳቸው ላይ ሸጎጧት። ጭነት የሚቀበለው ሠራተኛ እጁን ዘረጋ።

«እማማ፣ እሷንም ይስጡኝ፣ ከታች ላስቀምጥልዎ።»

«ይቺ ከኔ ጋር ትሆናለች።»

«ውስጧ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አሉ ኢላይሳኔ። «የወንድሜ ልጅ ነው የሰጠኝ።»

በሁለት እጃቸው ደግፈዋት፣ ያን ጊዜ ቴፒቱን ይዘው እንደሚቆሙት፣ መሰላሉን ወጡ። ከላይ ሆነው ወደሱ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁለት። ሎፔቲ እጁን አንስቶ ሊያውለበልብ ፈለገ፤ አልነሣ አለው።