አፍንጫዋ ወደ ሰሜን

ባሌ ሃርላን ውስጧ የምንኖርባትን ቤት መኪናችንን ለመጨረሻ ጊዜ ያቆማት ኅዳር ላይ ነው፤ እንደ ልማዱ አፍንጫዋን ወደ ሰሜን አዙሮ። ጥር ላይ ልቡ ቀጥ አለ። እሱ ሄደ፣ እሷ እንዳቆማት ቀረች፣ እኔም አብሬያት ቀረሁ።

የኳርትዝሳይትን በረሃ የሚያውቅ ሰው፣ አፍንጫን ወደ ሰሜን አዙሮ ማቆም ምን ዓይነት ክፋት እንደሆነ ይገባዋል። የብርዱን ወራት እዚህ የምናሳልፍ ጡረተኞች ሁሉ በራችንን ወደ ደቡብ ነው የምናደርገው። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ ፀሐይ መሞቅ ነው የመጣንበት ቁም ነገር። የእኛ በር ግን ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብታ ዓይኔን ትወጋኛለች፤ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ ሲሞቅ እኔ ጥላ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨቀጨቅሁት። "ለመንገድ ይመቸኛል" ይለኛል፤ ከዚያ ሌላ መልስ የለውም። ነፍሱን ይማረውና ግትር ነበር።

መንገድ በወጣን ቁጥር ደግሞ አንድ ሥርዓት ነበረን። በመኪና የሚኖሩ ባልና ሚስቶች ሁሉ አላቸው። እሱ መሪው ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ መብራት አያለሁ። የግራ ፍሬቻ ሲበራ አንድ እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ፣ የቀኙም ሲበራ እንዲሁ፣ ፍሬን ሲረግጥ ሁለቱንም። እሱ ክላክሱን አንዴ ጢጥ ያደርግልኛል፣ ቀጣዩን ያበራል። ሌሎቹ ይጯጯሃሉ፤ የእኛ ሞተር ግን በጩኸቱ የሰው ድምፅ ስለማያሰማ በእጅና በክላክስ ነው የምንግባባው። በመጀመሪያው ዓመት ጎን ወጣ ብዬ ስቆም አንድ የጭነት መኪና ቀሚሴን ጠርጎ አለፈ። ሃርላን ፊቱ አመድ መስሎ ወረደና "ከዛሬ ጀምሮ ከኋላዋ መሃል ለመሃል ነው የምትቆሚው! አንድ እግር ወደ ጎን እንዳትወጪ!" አለኝ። ከዚያ ወዲህ መሃል ነው የምቆመው።

ሌላም አመል ነበረው። ከሰዓት በኋላ የምንነሳ ቢሆን እንኳ መብራቱን ማለዳ ካላየን አይሆንለትም። ሰማዩ የደመነ ዕለት ደግሞ ክላክሱ አይሰማም፤ በየመሃሉ እየወረደ ይጠይቀኛል።

"በራ?"

"እጄን አነሳሁልህ እኮ!"

"እሺ፣ በራ ወይ ነው ያልኩሽ?"

እርጅና ነው እያልኩ እስቅበት ነበር። አሁን ያንን "በራ?" የሚለውን ድምፅ ለመስማት የማልሰጠው ነገር የለም።

ልጃችን ከርቲስ መጋቢት መጨረሻ ላይ ሊጠይቀኝ መጥቶ መኪናዋን ሲዞራት የቀኝ ፍሬቻዋ እንደማይሠራ አየ። መኪናዋን ለማሸጥ ይኸው ምክንያት ሆነው። ከሳምንት በኋላ ደወለ።

"እማዬ፣ እሑድ ጠዋት እመጣለሁ። ለመኪናዋ ገዢ አግኝቻለሁ። እኔ ጋ ክፍል ተዘጋጅቶልሻል።"

"እኔ ሞንታና ነው የምሄደው። ሐይቁ ዳር።"

"ብቻሽን?"

"ከማን ጋር ልሂድ ታዲያ?"

በበጋ በበጋው እኔና ሃርላን እዚያ ሐይቅ ዳር ድንኳን የሚተክሉ ሰዎችን እየተቀበልን፣ ማገዶ እየሸጥን ነበር የምንኖረው። የጫካው ኃላፊ ብቻዬንም ብሆን እንድመጣ ልኮብኛል። ለከርቲስ ያልነገርኩት፣ የናፈቀኝ ሐይቁ አለመሆኑን ነው። የናፈቀኝ ሃርላን ነው። እሱን ደግሞ የትም ሄጄ አላገኘውም፤ የቀረኝ መንገዱ ብቻ ነው። መንገዱን ከሸጥኩት ምን ይቀረኛል?

"እሺ ስማ" አልኩት። "እሑድ መብራቶቿ በሙሉ ከሠሩ እሄዳለሁ። አንዱ እንኳ እንቢ ካለ ቁልፉን በገዛ እጄ እሰጥሃለሁ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

በእኛ በረሃ የተከፈተ ኮፈን እንደ ድግስ ነው፤ ያልተጠራም ይመጣል፣ ወንበሩን ይዞ። ዓርብ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ገና እጄን ሳላስገባ፣ ጎረቤቴ ሜርል ወንበሩን በብብቱ፣ ካቻቢቴውን በኪሱ፣ ሚስቱን ግሌንዳን ከኋላው አስከትሎ ደረሰ። ሜርል ዕድሜውን የስልክ መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው፤ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ የእሱ ይመስለዋል።

"ምን ሆነች?"

"የቀኝ ፍሬቻዋ ነው። ከፊት ቲክ ቲክ ትላለች፣ ከኋላ ግን አትብለጨለጭም። ፍዝዝ ብላ ትበራለች፣ ያልነካሁት መብራትም አብሯት ፈዝዞ ይበራል።"

"አምፖል ነው" አለ፣ ሳያያት።

አምፖሉን ቀየርን። ያው። "እንግዲያው ፊውዝ ነው።" ፊውዙን ቀየርን። ያው። "ቲክ ቲክ የምትለዋ ሣጥን ተበላሽታ ነው፤ መጀመሪያም ብዬ ነበር።" አላለም ነበር። እሷንም ቀየርን፤ ቲክ ቲኳ አማረ እንጂ የኋላው መብራት እንደፈዘዘ ቀረ።

"ሜርል፣ የቀረ የምትቀይረው ነገር ካለ ሚስትህን ቀይር" አለች ግሌንዳ ከወንበሯ ሳትነሳ።

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ እያሰብኩ ነው።"

አስቦ አስቦ የኋላውን መብራት ፈታና ከውስጡ አንድ ረጅም ሽቦ መዘዘ። ሽቦው በመኪናዋ ሆድ ሥር ገብቶ ወደ ፊት ይሄዳል። ሃርላን የዘረጋው ነው።

"ይሄ ምን ይሠራል? ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው የሚመልሰው ሽቦ እዚሁ አጠገቡ ብረት ላይ መታሰር ሲችል እስከ እዚያ ድረስ ምን አስኬደው? ሃርላን ነፍሱን ይማረውና ሽቦ ማባከን ይወድ ነበር።" ቀጭ አድርጎ ቆረጠው። አጭሩን ጫፍ መብራቱ አጠገብ ግድግዳዋ ላይ በቡሎን አጥብቆ አሰረና "በይ አብሪያት!" አለኝ፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ።

አበራኋት። የፈዘዘችውም ጠፋች።

ሜርል ራሱን አከከ። ግሌንዳ "የሞተ ሰው ሥራ ስትቆርጥ ትንሽ እንኳ እጅህ አልተንቀጠቀጠም?" አለችው። ሃርላን በእጁ የዘረጋው ነገር በዚህ ምድር ላይ ስንት ቀረ? ጥልቅ ብዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁባቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለሜርል ዓይነቱ ነው፤ ግን ንዴቱ ሲበርድልኝ ያለቀስኩት በሜርል አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በዚያች በተረገመች ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ተስፋዬን ቆርጬ ነበር። ጓዜን መሸከፍ ከየት እንደምጀምር እያሰብኩ ግድግዳዋን በጀርባዬ ስደገፍ ጓ አለች፤ የብረት ድምፅ አይደለም፣ የፕላስቲክ ሳህን ድምፅ ነው። በጣቴ ደግሜ አንኳኳኋት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሃርላን ጣሪያውን እያንኳኳ "አትፍሪ፣ ቤታችን ጀልባ ናት" ይለኝ ነበር። ጀልባ የሚሠራበት ፋይበር ናት ማለቱ ነው። ቀልድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፋይበር ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም! ሜርል ሽቦውን ያሰረው ሳህን ላይ ነው። ሃርላን ያን ሁሉ ሽቦ የዘረጋው ብረት ፍለጋ ነው፤ ከሥሯ እስካለው የብረት አጥንቷ፣ ሻሲው ድረስ።

ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ከሥሯ ገባሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ይህን ሳደርግ ከርቲስ ቢያየኝ ያለ ገዢም በሸጣት ነበር። የተቆረጠውን ሽቦ በጣቴ ይዤ ተከተልኩት። ሃርላን በየክንዱ ርቀት በሰማያዊ ፕላስተር ጠቅልሎ አስሮታል፣ ጫፉን አጥፎ፣ እንደ ስጦታ። መጨረሻው ሻሲው ላይ አንድ ቡሎን ነው፤ ቡሎኑ ዝጎ፣ በላዩ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። የኦሪጎን የባሕር ዳር ጨው ነው። በባሕሩ ዳር ያሳለፍነውን የመጨረሻ መስከረም አስታወስኩ፤ እግራችንን ውኃ ውስጥ ከትተን ሰው እስኪስቅብን ስንሳሳቅ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፤ ብረቱ እስኪያበራ። ከዚያ ወጥቼ ሜርልን ጠራሁትና ሽቦውን ራሱ የቆረጠበት ቦታ ላይ አስቀጠልኩት።

"ጀልባ ናት" አልኩት።

"ምኗ?"

"ግድግዳዋ። ሳህን ላይ ነው ያሰርክልኝ።"

አንዴ አንኳኳት፣ ሁለቴ አንኳኳት፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። "ለግሌንዳ እንዳትነግሪያት" አለኝ። ግሌንዳ ከኋላው ቆማ ነበር።

ቀኑ ስለመሸ መብራቱን ለመሞከር እሑድ ማለዳን መረጥኩ። ሃርላን ማለዳ ነው ያለው፤ ማለዳ ይሆናል።

ከርቲስ ፀሐይ ብቅ ስትል ደረሰ። አቅፎኝ ሲያበቃ "በይ እንየው" አለኝ። መሪው ላይ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ለመብራት ተቀምጬ አላውቅም፤ የእኔ ቦታ ከኋላ ነበር። ወንበሩ የሃርላንን ቁመና እንደያዘ ነው፤ ውስጡ ሰመጥኩ።

"መሃል ለመሃል ቁም!" ብዬ ጮኽኩለት። "የበራ እንደሆነ እጅህን አንሳ!"

"እማዬ፣ መሃል ብቆም በስፖኪዮ አታይኝም እኮ!"

"አባትህ ያየኝ ነበር! መሃል ነው አልኩህ!"

እያጉረመረመ ሄደ። የግራውን ፍሬቻ አበራሁና ስፖኪዮውን አየሁ። ከርቲስ የለም። ወደ ቀኙ ዞርኩ። ጠጠርና ቁልቋል ብቻ። አንገቴን አስግጌ አየሁ፣ ተነስቼ አየሁ፤ የመኪናዋ ሰፊ ጀርባ መሃሉን ሁሉ ጋርዶታል። ያን ሁሉ ዓመት እጄን ያነሳሁት ለማን ነበር? ክላክሱን ጢጥ ያደርግልኝ የነበረው ዝም ብሎ ነው?

ያን ጊዜ ነው በግራው ስፖኪዮ ውስጥ መሬቱን ያየሁት። የመኪናዋ ጥቁር ጥላ ከሚያበቃበት ወዲያ፣ ፀሐይ በመታው ጠጠር ላይ፣ የሰው ጥላ ተጋድሟል፤ ረጅም፣ ከጭንቅላቱ በላይ አንድ እጁን ያነሳ።

አፍንጫዋን ወደ ሰሜን ሲያደርጋት ፀሐይ ከቀኝ ትመጣለች። ከቀኝ ስትመጣ መሃል የቆመ ሰው ጥላ ወደ ግራ ይወጣል፤ ያውም ማለዳ ብቻ፣ ረጅም ሲሆን። ደመና ከሆነ ጥላ የለም፤ ወርዶ መጠየቅ አለበት። ሃርላን መኪና እንዳይገጨኝ መሃል አቆመኝ፣ መሃል ካቆመኝ ወዲያ ደግሞ እዚያው መሆኔን ሳያይ አንድ ቀን እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እኔ በየጠዋቱ ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ እያልኩ ስረግመው እሱ ጥላዬን እያየ ነበር።

ምነው አንድ ቀን ብትነግረኝ፣ አንተ ግትር! አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብዬ አመሰግንህ ነበር!

ክላክሱን አንዴ ጢጥ አደረግሁ። ቀኙን አበራሁ፤ ጥላው እጁን አነሳ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ሁለቱንም አነሳ። እግሬን ከፍሬኑ ማንሳት አቃተኝ። ከርቲስ ሲጠብቅ ቆይቶ ወደ መስኮቱ መጣ።

"ሁሉም በርቷል እማዬ። ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? አሸነፍሽኝ እኮ!"

"አባትህ ያየኝ ነበር" አልኩት። ስፖኪዮውን በእጄ አሳየሁትና ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ በስፖኪዮው መሬቱን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ገዢው እንዳይመጣ ነገረውና የመኪናዋን የፊት መስታወት ይወለውልልኝ ጀመር።

በዚያው ቀን ተነሳሁ። ማምሻውን ኔቫዳ ውስጥ አንድ ማደሪያ ስደርስ ጎረቤቶቹ ሁሉ በራቸውን ወደ ደቡብ አድርገው ተኮልኩለዋል። መሪውን እየጠመዘዝኩ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ።

"እመቤቴ፣ ተሳስተሻል። እንዲህ ካቆምሻት ከሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ ነው የምትቀመጪው፤ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አዙሪው፣ በርሽ ወደ ደቡብ ይሆንልሻል።"

"ለመንገድ ይመቸኛል" አልኩት፤ አፍንጫዋን ወደ ሰሜን አዙሬ አቆምኳት።