የአንደኛ ፊዚክስ

ፊዚክስ ቤቱ የገባ ዕለት ሬዲዮው ወጣ። አባትየው ትንሿ ልጃቸው ለልዩው የሳይንስ ክፍል መመረጧን እንደሰሙ ገመዱን ነቅለው ሬዲዮውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ከበር ይመለስ ጀመር። ማሳል ያማረው ሰው እንኳ ውጭ ወጥቶ ነበር የሚያስለው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ የወደቀው ታላቅ እህቷ ላይ ነው። ፀጉር ቤት ቆማ ስትሠራ ትውልና ስትገባ ያልታጠበ ዕቃ ተቆልሎ ይጠብቃታል። እናታቸው ካረፉ ጀምሮ እህትማማቾቹ በተራ ይሠሩት የነበረው ሥራ፣ በፊዚክስ የተነሳ ጠቅላላ እሷ ጫንቃ ላይ አረፈ። ታናሽየዋን ሰፈርተኛው ሁሉ «አንደኛ» ነው የሚላት። ታላቅየዋም እንደዚያው ትጠራታለች፤ እነሱ በአድናቆት፣ እሷ ግን በሽሙጥ።

አባትየው ደግሞ ላገኙት ሰው ሁሉ ልጃቸው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ባንድ ላይ መያዟን ያወራሉ፤ ሦስት መንግሥት ይዛ የምታስተዳድር ይመስል።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት መጣ። ፊዚክስ ከመቶ ሃያ አንድ። አባትየው ወረቀቱን ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት፤ ሲያሰላስሉ ቆዩና በመጨረሻ ጥፋተኛውን አገኙ። የታላቅየዋ ነጠላ ጫማ ነው። ቷ ቷ እያለ ልጅቷን ሐሳብ አላስጨብጥ ብሏታል።

ታላቅየዋ ደሟ ፈላ። ሄዳ፣ ሳታንኳኳ የታናሿን በር ከፈተችው።

አንደኛ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች ታነበንባለች። «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ የምትመዝን መኪና ዳገት ስትወጣ…»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠናሁ።»

እስከ አምና ድረስ አንደኛ የወጣችው እንዲህ መሆኑን ነገረቻት። መጽሐፉን ከነነጠላ ሰረዙ ትሸመድዳለች፤ ፈተናው ላይ ትዘረግፈዋለች። እዚህ ግን የሦስቱም አስተማሪዎች ሩጫ አይጣል ነው። አንዱን ምዕራፍ ሳትጨርስ ሌላው ይደረብባታል፤ የላብራቶሪ ሪፖርቱ በላይ በላዩ ነው። የሸመደደችውም ቢሆን አልበጃትም።

«ፈተናው ላይ መኪናዋ ቁልቁለት ወረደች» አለች አንገቷን ደፍታ። «እኔ የያዝኩት ዳገት ስትወጣ ነው።»

ታላቅየዋ ሳቀች። ደግ ሳቅ አልነበረም። «እኔን ገረድ ያደረግሽኝ አንዲት መኪና ዳገት ለማስወጣት ነው?»

አስተማሪውን ለምን እንደማትጠይቅ ስትጠይቃት፣ ታናሽየዋ ማንም እንደማይጠይቅ ነገረቻት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ በየትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረ ነው። አስተማሪው «ገባችሁ?» ሲል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

«ክፍል ሙሉ አንደኛ!» አለች ታላቅየዋ። «ክፍል ሙሉ ፈሪ በይው እንጂ። ነገ ጠይቂ። ካልጠየቅሽ መኪናሽ የት ገደል እንደገባች ለአባዬ እኔው እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ አንደኛ እጇን አወጣች። ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዳልገባት ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከኋላ አንዱ ኪኪ አለ። አስተማሪው ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሰሌዳውን አጠፋና ዳገቱን እንደ አዲስ መሣል ጀመረ። ቀድሞ ደብተሩን ገልጦ መገልበጥ የጀመረው ያው የሳቀው ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ መሸምደዱን እየተወች፣ ቁጥሩን ራሷ እየለዋወጠች ጥያቄ መሥራት ያዘች። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትሳሳታለች፣ ትሰርዛለች፣ ትነጫነጫለች። ዕቃ ማጠቡም ወደ ተራው ተመለሰ። አባትየው ሳይንቲስታቸውን እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ሲያገኟት ክው አሉ፤ ልጄን አደነዘዝሽብኝ ብለው በታላቅየዋ አማረሩ።

«አባዬ፣ ሳይንስ በሳሙና አይለቅም» አለቻቸው ታላቅየዋ።

በሚቀጥለው ፈተና ፊዚክስ ሃምሳ ሁለት መጣ። አባትየው ቤቱ ውስጥ ሰው የሞተ ይመስል ተክዘው ዋሉ። ታላቅየዋ ግን ፀጉር ቤት ውስጥ ለአንዷ ደንበኛ የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ እየደፋችላት፣ እህቷ ልዩው ክፍል ውስጥ ፊዚክስ ሃምሳ ሁለት ማምጣቷን አገጯን ቀና አድርጋ ተናገረች። ሴትዮዋ በአድናቆት ከስንት እንደሆነ ጠየቀቻት።

ታላቅየዋ የካስኩን ሙቀት ጨመረችና፣ ጩኸቱ ጆሮዋን የደፈነው ሰው መስላ ወደ ሌላዋ ደንበኛ ዞረች።